ክርናችን ለምን ወደ ኋላ አይታጠፍም? ለ3ኛ ክፍል መምህርቷ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «የ3ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህርት ነኝ። ስለ አጥንትና መገጣጠሚያ ሳስተምር ልጆቹ 206 ሚለውን ቁጥርና የአጥንቶቹን ስም ይሸመድዳሉ፣ ግን እጃችን እንዴት ነው ሚታጠፈው ስላቸው ግማሾቹ አጥንቱ እንደ ላስቲክ ስለሚለመጥ ነው ይሉኛል። ክፍሌ ውስጥ 60 ምናምን ተማሪ ነው ያለው፣ ላብራቶሪ የለንም። ርእሰ መምህሩ የፕላስቲክ አፅም ይገዛ ይላል፣ አንዷ ባልደረባዬ ደሞ ከህክምና ኮሌጅ እውነተኛ የሰው አጥንት ተውሰን እናሳያቸው ትላለች። የቱ ይሻላል? ደሞ ልጆቹ ጣታቸውን ቋ ቋ ሲያደርጉ ቁርጥማት ያመጣባችኋል እያልኩ ነው ምቆጣቸው፣ ልክ ነኝ?»

ሁለቱንም ተዪው። የፕላስቲክ አፅሙ ውድ ነው፣ ርካሽ ቢሆን እንኳን ላንቺ ጥያቄ መልስ የለውም፤ አጥንቶቹ በሽቦና በብሎን ነው የተያያዙት፣ ጡንቻ የለው ጅማት የለው፣ ክንዱን ስትለቂው ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፣ ስታዞሪው ደሞ የሰው እጅ በማይዞርበት አቅጣጫ ሁሉ ይዞርልሻል። ልጅ እሱን አይቶ ሚይዘው ስም ነው፣ ስም ደሞ አሁንም አላነሳቸውም። የሰው አጥንቱ ጭራሽ አይሆንም። ኮሌጅ ውስጥ ያለው አጥንት የአንድ ሰው አካል ነው፣ ለሙያው ለሚማሩት ተብሎ በስርአት የተቀመጠ እንጂ ክፍል ለክፍል ሚዞር እቃ አይደለም፣ ከ8 እና ከ9 አመት ልጆች ደሞ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሚለው ብዙ ነው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ጀሶ ተፈቶላቸው ክርናቸው አልዘረጋ ካላቸው፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ካላቸው ልጆች ጋ ነው ምውለው። ስለዚህ ምመክርሽ ከዛ ተነስቼ ነው። ትምህርቱን ገልብጪው። መጽሐፉ ከአጥንት ስም ይጀምርና መጨረሻ ላይ «አጥንት ለእንቅስቃሴ ይጠቅማል» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። አንቺ ከእንቅስቃሴው ጀምሪ፣ ከሱ ወደ መገጣጠሚያው፣ ከመገጣጠሚያው ወደ ጡንቻው ሂጂ፣ ስሙን መጨረሻ ላይ ስጫቸው። አመቱ ሲያልቅ አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ አጥንት ራሱ እንደማይታጠፍ፣ ሚታጠፈው ሁለት አጥንት ሚገናኙበት ቦታ እንደሆነ፣ አጥንቱን ሚጎትተው ደሞ ጡንቻ እንደሆነ ካወቀ በቂ ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ላስቲክ ያለሽን ልጅ ግን ስህተት ብለሽ አትለፊው። የልጅ አጥንት በርግጥ ካዋቂ አጥንት ይበልጥ ይለመጣል፣ ለዛ ነው ልጆች ሲወድቁ አንዳንዴ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ሳይሰበር በአንድ በኩል ብቻ ተሰንጥቆ በሌላው በኩል ጎብጦ ሚቀረው፣ ኤክስሬይ ላይ በተደጋጋሚ እናየዋለን። ግን ያ ጉዳት ነው፣ ሰው ማንኪያ ሲያነሳ ሚሆነው ያ አይደለም። ልጁን ከክርኑ እስከ እጁ አንጓ ድረስ በሌላኛው እጁ እየዳሰሰ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ አርጊው። መሀሉ ላይ ምንም ሚጎብጥ ነገር አያገኝም፣ ክርኑ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው አንድ ነገር ሚንቀሳቀሰው። ራሱ በጣቱ ያገኘውን ማንም አያስረሳውም።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ክርኑን በመቆለፍ አሳልፊው። ያረጀ ካርቶን ወይም ወፈር ያለ ጋዜጣ እጃቸው ላይ ከላይ እስከ ታች ጠቅልለሽ በሻርፕ ላላ አርገሽ እሰሪላቸው፣ 60 ልጅ ሁሉ መታሰር የለበትም፣ ጥንድ ጥንድ ሁነው አንዱ ሲታሰር አንዱ ያያል ከዛ ይቀያየራሉ። ከዛ ጸጉርሽን ንኪ፣ የሸሚዝህን የላይኛውን ቁልፍ ቆልፍ፣ እጃቸውን አስታጥበሽ ደሞ ቁራሽ ዳቦ አንስታችሁ ብሉ በያቸው። አይችሉም። ትንሽ ከታገሉ በኋላ ግን አንዱ ጥንድ ላይ አንድ ነገር መከሰቱ አይቀርም፤ ራሳቸውን ማጉረስ ባይችሉም እጅ ቀጥ እንዳለ ፊት ለፊት ያለውን ጓደኛ ማጉረስ ይቻላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ ይፍረስ። ሲረጋጉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፣ «ክርን ባይኖረን እጃችን የት የት መድረስ አይችልም ነበር?» መልሱን ከነሱ ነው ምታገኚው፣ አፍ፣ ፊት፣ ጸጉር፣ ጆሮ እያሉ ይቆጥሩልሻል፣ ክርን እጅን ወደ ራሳችን ሚመልስ መገጣጠሚያ መሆኑን ሳታስተምሪያቸው ደረሱበት ማለት ነው። እዚ ላይ ጥንቃቄ፣ እጃቸው ታስሮ ሚቆየው ከጥቂት ደቂቃ አይለፍ፣ ጣት መደንዘዝ ወይም መጥቆር ከጀመረ ወዲያው ይፈታ፣ እግር ግን በጭራሽ አትሰሪ፣ ጉልበቱ የተቆለፈ ልጅ ሲወድቅ ራሱን ማዳን አይችልም።

አሁን ክርን ለምን ወደ ኋላ አይታጠፍም ሚለው ጥያቄ ራሱ ይመጣል፣ ካልመጣም አንቺ አምጪው። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ይከፈታል ይዘጋል፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ደሞ በእጃቸው ማግኘት ይችላሉ። ክርናችን ላይ ሹል ሆኖ ሚዳሰሰው የታችኛው ክንድ አጥንት ጫፍ ነው፣ እጃችንን ስንዘረጋ ይሄ ጫፍ የላይኛው ክንድ አጥንት ጀርባ ላይ ያለች ጎድጓዳ ውስጥ ይገባና ይቆማል፣ ከዛ ወዲያ መንገድ የለም። ጉልበት ላይ ግን እንደዚህ ያለ አጥንት ለአጥንት ሚቆለፍ ነገር የለም፣ ወደ ፊት እንዳይታጠፍ ሚይዙት በዋናነት አጥንትን ከአጥንት ሚያያይዙት ጅማቶች ናቸው፣ ኳስ ተጫዋቾች ጉልበታቸውን ሲጠመዝዙ ጅማቱ ሚበጠሰው አንዱ ለዛ ነው። ይቺን ለ3ኛ ክፍል ማስተማር ላያስፈልግሽ ይችላል፣ ኳስ ሚወዱት መጠየቃቸው ግን አይቀርም።

ክርን ጋ ያለ ሌላ ጉድ አለ፣ ብዙ መምህራን ያልፉታል። ልጆቹ ክርናቸውን ከጎናቸው ጋ አጣብቀው መዳፋቸውን ወደ ላይ ያርጉ፣ ከዛ ክርኑን ሳያነሱ መዳፉን ወደ ታች ይገልብጡት። ክርኑ አልታጠፈም አልተዘረጋም፣ እጁ ግን ተገለበጠ። እንዴት? የታችኛው ክንድ ውስጥ አጥንቱ ሁለት ነው፣ መዳፍ ሲገለበጥ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በሌላኛው ላይ ይሻገራል። በሌላ እጃቸው ክንዱን ይዘው ሲገለብጡት ሲሻገር ይሰማቸዋል። ከጀበና ቡና ሚቀዳው እጅ፣ ቁልፍ ሚያዞረው እጅ ይሄን ነው ሚሰራው። ጀሶ ከተፈታላቸው ልጆች ጋ ስሰራ ክርን ማጠፍ ከተመለሰ በኋላም ይሄ መገልበጡ ሳይመለስ ሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ነው ቤተሰብ ምን ያህል ነገር በሱ እንደምንሰራ ሚያስተውለው።

ትከሻ ጋ ስትደርሺ እስክስታ አስጨፍሪያቸው፣ ይሄን ከልቤ ነው ምልሽ፣ ከዚህ ሚሻል የትከሻ ትምህርት አላውቅም። መጀመሪያ እጃቸውን ክብ አርገው ያዙሩ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ። ይሄን ሚያደርገው የላይኛው ክንድ አጥንት ክብ ራስ ነው፣ ሚቀመጠው ደሞ ጥልቀት በሌላት ትንሽ ማቀፊያ ላይ ነው። ከዛ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አርገው ትከሻቸውን ብቻ ያንቀጥቅጡ፣ ከኋላ ያለው ጓደኛ መዳፉን ጀርባቸው ላይ ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ላይ አርጎ ይያዝ። ያ አጥንት ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ውስጥ ወደ ውጪ ሲንሸራተት ይሰማዋል። ጠፍጣፋው አጥንት ከጎድን አጥንቶች ጋ በአጥንት አልተያያዘም፣ በጡንቻ ነው ተይዞ ያለው፣ ክንዳችንን ከሰውነታችን ጋ በአጥንት ሚያገናኘው ከፊት አንገታችን ስር ሚዳሰሰው ቀጭኑ አጥንት ብቻ ነው። ጎጃምና ጎንደር፣ ወሎም ላይ ሰው ትከሻውን እንደዛ መጣል ሚችለው ለዚህ ነፃነት ነው። ከዛ ዳሌን አነጻጽሪላቸው፤ እሱም ክብ ራስ ነው ግን ማቀፊያው ጥልቅ ነው፣ ክብደት ስለሚሸከም፣ ስለዚህ እንደ ትከሻ አይዞርም። ትከሻ ብዙ ስለሚዞር ደሞ በቀላሉ ይወልቃል። ሚዞር ነገር ይወልቃል፣ ሚጸና ነገር ብዙ አይዞርም፣ ልጆች ይሄን ሲረዱት ሰውነት ዝም ብሎ የተሰካካ ነገር እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

አውራ ጣትና አንገት ላይ ብዙ አትቆዪ። አውራ ጣታቸውን መዳፋቸው ጋ በፕላስተር አጣብቀሽ ብይ እንዲጫወቱ ወይም እንጀራ ቆርሰው እንዲጠቀልሉ አርጊ፣ በቃ። አንገት ላይ ደሞ «አዎ» ብሎ ራስ መነቅነቅና «አይ» ብሎ ማዞር በሁለት የተለያየ መገጣጠሚያ ነው ሚጀመረው፣ አንደኛው የራስ ቅል ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት ሚገናኝበት፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው አጥንት ከሁለተኛው ሚገናኝበት። የሰው አንገት 7 አጥንት ነው፣ የቀጭኔም 7 ነው፣ አንገቷ የረዘመው የሷ አጥንቶች ረጃጅም ስለሆኑ ነው። ይቺን ንገሪያቸው፣ ቤት ሄደው ለሁሉም ነው ሚያወሩት።

አሁን ዋናው ጉድለት ወዳለበት፣ ወደ ጡንቻው። ልጆች መገጣጠሚያው ራሱ ሚያንቀሳቅስ ይመስላቸዋል፣ ትልልቅ ሰዎችም እንደዛ ሚመስላቸው ብዙ ናቸው። መገጣጠሚያ መንገዱን ነው ሚወስነው፣ ጉልበቱ ሚመጣው ከጡንቻ ነው። ጡንቻ ደሞ መጎተት እንጂ መግፋት አይችልም፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሚጎትትና መልሶ ሚጎትት ያስፈልጋል። ይሄን በዴስካቸው ነው ምታሳዪያቸው፤ አንድ እጃቸውን ከዴስኩ ስር አርገው ወደ ላይ ሊያነሱት ይሞክሩ፣ በሌላኛው እጅ የላይኛው ክንዳቸውን ፊት ለፊት ይያዙ፣ ጠንክሯል። አሁን እጃቸውን ዴስኩ ላይ አርገው ወደ ታች ይጫኑ፣ የፊተኛው ላላ፣ የኋለኛው ጠነከረ። እየገፋሁ ነው ሚል ልጅ እንኳን በርግጥ ከኋላ እየጎተተ ነው። ከዛ ደሞ ክንዳቸውን ከክርን ዝቅ ብለው ይዘው ጣታቸውን ያፍተልትሉ፣ ሚንቀሳቀሰው ክንዱ ነው! ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም፣ ጣትን ሚያጥፉት ዋናዎቹ ጡንቻዎች ክንድ ላይ ናቸው፣ ጡንቻን ከአጥንት በሚያያይዝ ረጃጅም ጅማት ነው ከሩቅ ሚስቡት።

ከዚህ በኋላ የካርቶን ክንድ ይስሩ፣ ግን በትክክል ይሰራ፣ ብዙ ጊዜ ሚሰራው ሞዴል ስህተት ስለሆነ ነው ምልሽ። ሁለት ረጅም የካርቶን ቁራጭ ቁረጪ፣ አንዱ የላይኛው ክንድ አንዱ የታችኛው። ሲገጣጠሙ የታችኛው ቁራጭ ከመገጣጠሚያው አልፎ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይውጣ፣ ያቺ ናት የክርን ሹል። ቀዳዳ አብጅተሽ በክርና በሁለት የልብስ ቁልፍ አያይዢው፣ ላላ ብሎ እንዲዞር። ከዛ ሁለት ክር፣ አንዱን ከመገጣጠሚያው ትንሽ ወደ ፊት የታችኛው ክንድ ላይ እሰሪ፣ ሌላውን በኋላ በኩል በወጣችው ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ወደ ላይ ወደ ትከሻ በኩል ይሂዱ፣ እንዳይንሸራተቱ በተቆረጠ ስትሮ ውስጥ አሳልፊያቸው። የፊቱ ሲሳብ ይታጠፋል፣ የኋላው ሲሳብ ይዘረጋል። ያቺ ወደ ኋላ የወጣች ጫፍ ከሌለች የኋላው ክር ምንም አይሰራም፣ ሰው አንድ ክር ብቻ አስሮ ሚተወው ለዛ ነው፣ ልጁ ደሞ እጅ ራሱን ይዘረጋል ብሎ ይማራል። ጊዜ ካለሽ የፊቱን ክር ወደ እጅ ጫፍ ጠጋ አርገሽ እሰሪውና ድጋሚ ይሳቡት፣ አሁን ብዙ ክር መሳብ ግድ ነው፤ እውነተኛው ጡንቻ ክርን አጠገብ የተያያዘው ለዚህ ነው፣ ትንሽ ሲያጥር እጅ ሩቅ ይሄዳል፣ ዋጋው ግን ከምናነሳው ክብደት በጣም ሚበልጥ ጉልበት መጠቀም ነው።

እውነተኛ መገጣጠሚያ ማየት አለባቸው ወይ? አዎ፣ ግን ከሰው መሆን የለበትም። በዓል ሲመጣ ዶሮ ሚበለትበት ቤት ያላቸው ልጆች ቆመው እንዲያዩ የቤት ስራ ስጫቸው። ባለሙያዋ 12 ብልት ስታወጣ አጥንት አትሰብርም፣ ቢላው መገጣጠሚያውን ፈልጎ ነው ሚገባው፣ ታፋውን ወደ ውጪ ስትገነጥለው ነጭ ክብ ራስ ከማቀፊያው ቷ ብሎ ይወጣል፣ ያ ራሱ ዳሌ ነው። ልጁ ያየውን ይዞ መጥቶ ይናገር፣ «ቢላው የት ጋ ነው ያለችግር የገባው?» ብለሽ ጠይቂው። ክፍል ውስጥ ደሞ ሚጣለውን የዶሮ የታችኛውን እግር ማምጣት ትችያለሽ፣ የተቆረጠበት ጋ ነጫጭ ጅማቶች ይታያሉ፣ ከኋላ በኩል ያለውን በወረንጦ ይዘሽ ስትስቢው ጣቶቹ ይጨበጣሉ፣ የፊቱን ስትስቢ ይከፈታሉ። የሞተ እግር ጣቱን ሲጨብጥ ያየ ልጅ ጅማት ምን እንደሆነ ድጋሚ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሥጋ ቤት ያለው ወላጅ ካለ ደሞ በመጋዝ ያልተቆረጠ የበግ ጉልበት ለምኚ፣ ስትከፍቺው ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ሚያብረቀርቅ፣ ካጥንት ለስለስ ያለ ልም አጥንትና ሚያዳልጠውን ፈሳሽ ያያሉ። ጥሬውን ግን አንቺ ብቻ በጓንት ያዢ፣ ጥሬ ዶሮ ተቅማጥ ሚያመጣ ባክቴሪያ አለው፣ ጠረጴዛውን በበረኪና ጥረጊ፣ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ደሞ ቀድመሽ ለወላጅ አሳውቂ፣ ጾም ሚሆንበት ወቅት አለ፣ የማን እርድ ነው ሚል ጥያቄም አለ፣ ሚበላ ባይሆንም ማክበር ነው።

ስለ 206ቱ። ቁጥሩ ልክ ነው ግን ያዋቂ ነው፣ አንቺ ክፍል ያሉት ልጆች ቁጥሩ ገና አልደረሱበትም። ህጻን ሲወለድ ወደ 300 ገደማ ነው፣ ብዙዎቹ ገና ልም አጥንት ናቸው፣ እያደጉ ሲሄዱ እየተጣበቁ ይቀንሳሉ። የጨቅላ እርግብግቢት ሁሉም አይቶታል፣ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተገናኙበት ቦታ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አመት እስከ አንድ አመት ተኩል ባለው ይገጥማል፣ አንዳንዱ እስከ ሁለት አመትም ይቆያል። የጉልበት ሎሚም ሲወለዱ ልም አጥንት ነው፣ ወደ አጥንትነት ሚቀየረው ከ3 አመት ገደማ ጀምሮ ነው። ቁጥር ካልሰጠሁ ካልሽ ከ206ቱ የተሻለ ቁጥር ልስጥሽ፣ ያዋቂ አንድ እጅ ላይ 27፣ አንድ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26፣ ሁለቱን እጅ ሁለቱን እግር ስትደምሪው 106 ነው። ከሰውነታችን አጥንት ከግማሽ በላዩ እዛ ነው ያለው። ለምን ብለሽ ጠይቂያቸውና ዝም በይ፣ ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ብዙ አጥንት ማለት ብዙ መገጣጠሚያ፣ ብዙ መገጣጠሚያ ማለት ረቂቅ ስራ መሆኑን ይደርሱበታል።

ጣት ማጮህ ላይ ግን ልክ አይደለሽም። ቋ ሚለው አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ አይደለም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ ሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው፣ ለዛ ነው ወዲያው መድገም ማይቻለው። ቁርጥማት እንደሚያመጣ ማስረጃ አልተገኘም። ዶናልድ ኡንገር ሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከ50 አመት በላይ የግራ እጁን ጣት ብቻ እያጮኸ ቀኙን ተወው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለቱም እጁ ላይ ቁርጥማት እንደሌለ ጽፏል። አንድ ሰው ነው፣ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ግን ልጆች ይወዱታል፣ ሳይንስ እንዴት እንደሚጠየቅም ያሳያቸዋል። ክፍል ስለሚረብሽ አቁሙ ማለት መብትሽ ነው፣ በበሽታ ግን አታስፈራሪያቸው። አንገታቸውን በእጃቸው ጠምዝዘው ማጮህ ግን ይከልከል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አጥንት የሞተ ነገር እንዳይመስላቸውም አደራ። ደም ስር አለው፣ ሲሰበር ራሱን ይጠግናል፣ መቅኒው ደም ይሰራል። ልም አጥንቱ ግን የራሱ ደም ስር የለውም፣ ምግቡን ሚያገኘው ስንንቀሳቀስ እየተጨመቀና እየተለቀቀ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ሙሉ ቀን ዴስክ ላይ ሚቀመጥ ልጅ ተነስቶ ሰኞ ማክሰኞ ይዝለል፣ ሱዚ ይጫወት ስንል ለመዝናናት ብቻ አይደለም።

ጥንቃቄዎቹን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ለነገ አትበይ። ክፍልሽ ውስጥ እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ፣ ክንዱ ማይዘረጋ፣ በክራንች ሚሄድ ልጅ ካለ «የሁሉም ሰው እንዲህ ይታጠፋል» አትበይ፣ ቀድመሽ ለብቻው አናግሪው፣ እሱ መንቀሳቀሻውን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ማሳየት ከፈለገ ያሳይ፣ ካልፈለገ አይገደድ። አውራ ጣቱን ክንዱ ላይ ሚያስነካ ልጅ ይኖርሻል፣ መገጣጠሚያው ትርፍ ሆኖ አይደለም፣ ጅማቱ ላላ ያለ ስለሆነ ነው፣ ውድድር አታርጊው፣ ሌሎቹም እሱን ሊመስሉ ሲሉ ራሳቸውን ይጎዳሉ። ትንንሾቹን በእጃቸው ጎትቶ ማንሳት፣ በክንድ ይዞ ማንጠልጠል ይቅር፣ በተለይ ከ5 አመት በታች ላሉ ክርናቸው ጋ ያለችው አጥንት ከጅማቷ ትሾልካለች፣ ብብታቸው ስር ይዘው ያንሷቸው፣ ይሄን ለወላጆችም ንገሪ።

ሜዳ ላይ የወደቀ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ወይም አንጓው ካበጠ ወለምታ ነው ብሎ ወደ ወጌሻ መላክ ይቅር። የልጅ አጥንት ጫፉ ላይ ሚያድግበት ንብርብር አለው፣ ከጅማቱ ይልቅ እሱ ደካማ ስለሆነ ካዋቂ ጋ ወለምታ ሚሆነው ልጅ ላይ የእድገት ቦታ ስብራት ሊሆን ይችላል፣ ሲታሽ ይብሳል። በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም ሳይደርሰው ጠቁሮ እጅ ሚቆረጥበት ሁኔታ እዚሁ አገራችን በሐኪሞች ተደጋግሞ የተጻፈ ነው። ባለበት ደግፎ፣ ሳያሹ፣ ኤክስሬይ ወዳለበት ጤና ተቋም። ሌላው፣ ጉሮሮውን አሞት ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ክርኔን፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴን እያለ ህመሙ ሚዞርበት ልጅ ካለ እድገት ነው ብለሽ አትለፊው፣ ልብ ሚያጠቃው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፣ በጊዜ ከተያዘ መድኃኒት አለው። ትኩሳት ኖሮት አንድ መገጣጠሚያው አብጦ አላንቀሳቅስ ካለ ደሞ በዛው ቀን ሆስፒታል።

አዲስ አበባ ወይም አቅራቢያዋ ከሆንሽ ለፕላስቲክ አፅሙ የታሰበውን ብር ለትራንስፖርት አውጡትና አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰጃቸው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ሀዳር ላይ ነው የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን አመት ገደማ ናት፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ቀና ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ያወቁት ከዳሌዋና ከጉልበቷ ቅርጽ ነው። ሰላም ደሞ ለልጆች ትቀርባለች፣ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት የ3 አመት ገደማ ህጻን ናት፣ 3.3 ሚሊዮን አመት የሆናት፣ የትከሻ አጥንቷ ወደ ጎሪላ ያደላ በመሆኑ ዛፍም ትወጣ ነበር ተብሏል። መገጣጠሚያ ሚንቀሳቀስበትን መንገድ ይወስናል ያልሻቸው ነገር እዛ መስታወት ውስጥ አለላቸው። ሩቅ ከሆንሽ ስእሉ ይበቃል።

የካርቶን ክንዱም ሆነ የዶሮ እግሩ ማያሳዩት ነገር አለ፣ ጡንቻን ማን እንደሚያዘው። አንጎል በነርቭ በኩል ያዛል ብለሽ እዛው አቁሚ፣ የዚህ ክፍል ስራ አይደለም። ስድስት አይነት መገጣጠሚያ፣ የላቲን ስም ምናምንም አያስፈልግም፣ እንደ ክርን ሚታጠፍ፣ እንደ ትከሻ ሚዞር፣ እንደ ራስ ቅል ማይንቀሳቀስ፣ ሦስቱ በቂ ናቸው። ፈተናውን ግን ቀይሪው፣ «ሰውነታችን ስንት አጥንት አለው» እያልሽ ከጠየቅሽ ልጆቹ ተመልሰው 206 ነው ሚሸመድዱት። ሁለት አጥንትና አንድ መገጣጠሚያ ሳዪላቸው፣ እጁ እንዲዘረጋ ጡንቻውን በየት በኩል ትስያለሽ ብለሽ ጠይቂ፣ በኋላ በኩል የሳለ ልጅ ገብቶታል፣ በፊት በኩል የሳለውን ካርቶኑን መልሰሽ ስጪውና ክሩን ይሳበው።